ዋልያውን የቆጠረ ሰውን ለምን ረሳ?

ከደባርቅና ከዳባት ወዲያ ያለውን ወሬ ሰብሰብ አድርጌ ላቅርብላችሁ።

ከባህሉ ልጀምር። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ ዘውድ ሊጭኑባት። በ1847 ዓ.ም. ግን ድል ሆኑና እዚያው የነገሠው ካሳ ነው፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ። ስሜን እንዲህ ነው፤ ደጋሹ ሌላ፣ በይው ሌላ!

ሳይንሱም ከዚህ አልራቀም። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1989 ዩኔስኮ «አደጋ ላይ ነው» አለ፤ በ2009 ከአደጋው መዝገብ ፋቀው። እሰየው! ዋጋውን የከፈለው ግን በ2008 ቀዬውን ለቆ ደባርቅ የሰፈረው የግጭ ገበሬ ነው። ዋልያው በየጊዜው ይቆጠራል። ዳባት ላይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልደትና ሞትን ቤት ለቤት መመዝገብ ከጀመሩ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። መቁጠርማ እናውቅበታለን!

ታዲያ ፖለቲካው ጋ ሲደርስ ምነው ጣታችን አጠረ? በነሐሴ 2013 ዳባት ወረዳ፣ ጭና ተክለሃይማኖት ላይ የትግራይ ተዋጊዎች ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች 26 ሟቾችን መዘገበ፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት ከመቶ በላይ አሉ። ኧረ ለመሆኑ በ26 እና በመቶ መካከል የቀሩት ሰዎች የማን ልጆች ናቸው?

እኔ የምለው አጭር ነው። የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ ተጽፎ ለሕዝብ ይውጣ። ገዳይም የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ፍርድ ቤት ይቁም። ዋልያው ይቆጠር፣ ይጠበቅ፤ ማን ጠላ? የጭና ገበሬ ግን ከዋልያ አያንስም!