የሕፃናቱ መንገድ ከበጀቱ መዝገብ ይግባ

ንግድን የሚያውቅ ሰው የዕቃውን ዋጋ ብቻ አይቶ አይገዛም። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የመርከቡን ኪራይ፣ የወደቡን ወጪ፣ የጭነት መኪናውን ዋጋ፣ የጫኝና የአውራጁን ድካም ሁሉ ደምሮ፣ ዕቃው ከመደብሩ ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ይቈጥራል። ከመተማ ሰሊጥ ሰብስቦ ወደ ውጭ አገር የሚልከውም እንደዚሁ ያደርጋል። ይህን ሒሳብ የዘነጋ ነጋዴ በወረቀት አትርፎ በካዝናው ይከስራል። ጐንደር ከጥንት ጀምሮ ወደ ምጽዋና ወደ መተማ የሚጓዙ ሲራራ ነጋዴዎች መናኸሪያ የነበረች ከተማ እንደ መሆኗ፣ የመንገድን ዋጋ ማስላት ለልጆቿ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ዳሩ ግን ይኸው ብልኅ ነጋዴ በወላጅነቱ ተመርጦ ከትምህርት ቤት ቦርድ ወንበር ላይ በተቀመጠ ጊዜ፣ በሱቁ የሚያውቀውን ሒሳብ ከደጅ ትቶት ይገባል። ጠመኔው፣ ወንበሩ፣ የጣራው ቆርቆሮ፣ የዘበኛው ደመወዝ በየዐምዱ ይጻፋሉ፤ ሕፃኑ ከቤቱ ተነሥቶ ከዚያ ወንበር ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ያለው መንገድ ግን በየትኛውም ዐምድ አይገኝም። ወጪው ስላልተጻፈ ወጪ መሆኑ አይቀርም፤ አንድ ሰው ይከፍለዋል። ማን እንደሚከፍለው፣ በመዝገብ ቢገባስ ምን እንደሚጠቅም ማየት ተገቢ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርትን አስተዳደር ወደ ታች እንዲወርድ ካደረገ ወዲህ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድና በወላጅ መምህር ኅብረት አማካይነት ስለ ገንዘባቸው ይመክራሉ። ከወረዳ ወይም ከከተማ አስተዳደር የሚመደበው ገንዘብ አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ይውላልና፣ ለምክር የሚቀርበው ገንዘብ ጥቂት ነው። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር ለትምህርት ቤቶች ያመጣው ድጎማም በተማሪ ቍጥር ልክ የሚታደል ነበር። እንዲህ ያለው አከፋፈል ለሁሉም እኩል ስለሚመስል ነቀፌታ አይገኝበትም፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የሚኖረውን ልጅና ሦስት ፈፋ ተሻግሮ የሚመጣውን ልጅ በአንድ ዋጋ ይቈጥራቸዋል።

የትንንሽ ልጆች ማመላለሻ ነገር በቦርድ ስብሰባ በተነሣ ጊዜ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን ሕፃናት በየዕለቱ በመንገድ ላይ እየተንገላቱ ነውና ትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ያዘጋጅ ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ ይልቁንም ገንዘብ ያዡ፣ መዝገቡን ከፍቶ ይመልሳል፤ የሚለውም ያለ እውነት አይደለም። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅን ድጎማ ደረጃ በደረጃ እያነሣ መጥቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ ወዴት እንደ ሄደ አስመጪዎች ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። አንድ አውቶቡስ ከነሹፌሩ፣ ከነጎማው፣ ከነመድኑ ቢታሰብ የብዙ ክፍሎችን ወንበርና መጽሐፍ ይበላል። ከዚህም በላይ አውቶቡስ የሚሄደው መኪና በሚገባበት መንገድ ነው፤ በአስፋልት ዳር የሚኖር ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሌላው የተሻለ ኑሮ ያለው ነው። ስለዚህ በሁሉ ስም የተገዛው አውቶቡስ ለጥቂቶች ብቻ ያገለግላል።

ይህ ክርክር አውቶቡስ መግዛትን ይቃወም እንደሆነ እንጂ መንገዱን መቍጠርን አይቃወምም። ሁለቱን ነገሮች ለይቶ አለማየት ጉባኤውን በየዓመቱ ባዶ እጁን ይበትነዋል። አውቶቡስ አይቻልም በተባለ ጊዜ አጀንዳው ይዘጋል፤ ሕፃኑም በነጋታው ያንኑ መንገድ ይጀምራል።

በዚህ ክርክር መካከል ሁልጊዜ የሚሰማ ሦስተኛ ድምፅ አለ፤ እርሱም «እኛ በእግራችን ሄደን ተምረናል» የሚል ነው። የሚናገሩት ሰዎች የተከበሩ ናቸው፤ ነገሩም እውነት ነው። ጐንደር አቋቋም ለመማር ወደ በአታ ለማርያም፣ ቅኔና ድጓ ለመማር ወደየገዳማቱና ወደየአድባራቱ የሚጓዙ የቆሎ ተማሪዎች አገር ናት፤ እነርሱም አኵፋዳቸውን አንግተው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ፣ ብዙ ቀን ተጕዘው ተምረዋል። ነገር ግን የቆሎ ተማሪ ራሱን ለማስተዳደር የደረሰ ልጅ ነው እንጂ የአምስት ዓመት ሕፃን አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ትምህርት እንዲኖር ደንግጓል። አባቶቻችን በዘጠኝና በዐሥር ዓመታቸው የጀመሩትን ጕዞ ዛሬ የምንጠይቀው ከአምስትና ከስድስት ዓመት ልጅ ነው። ዕድሜውን ዝቅ ስናደርግ መንገዱን አላሳጠርነውም።

አሁን ወጪውን ማን እንደሚከፍለው እንመልከት። በጐንደር ከተማ አቅም ያለው ወላጅ ለልጁ ባጃጅ በወር ይኰናተራል። ባጃጅ በሕግ ሦስት ተሳፋሪ እንዲጭን የተፈቀደለት ሲሆን፣ ጧት ጧት ግን የሕፃናት ቦርሳ በየጎኑ ተንጠልጥሎ፣ ትንንሾቹ በትልልቆቹ ጕልበት ላይ ተቀምጠው፣ ከሹፌሩ አጠገብ ሳይቀር ልጅ ተጨምሮ ሲሄድ ይታያል። ሹፌሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ወላጅ የሚከፍለው ዋጋ በሦስት ልጅ ሒሳብ የነዳጁን ወጪ አይሸፍንለትም። ጐንደር ደግሞ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል በኰረብታ ላይ የተሠራች፣ ቍልቍለቷና ዳገቷ የበዛ ከተማ ናት፤ ከመጠን በላይ የጫነ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ በዚያ ቍልቍለት ፍሬን ሲይዝ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለመንገር ምስክር አያሻም።

አቅም የሌለው ወላጅ ደግሞ በጊዜው ይከፍላል። በገበያ ትንሽ ሱቅ ያላት እናት ጧት ልጇን አድርሳ ትመለሳለች፤ ቅድመ አንደኛ ክፍል ቀድሞ ይለቀቃልና በእኩለ ቀን ሱቋን ዘግታ ዳግመኛ ትሄዳለች። ደንበኛዋ በተዘጋ በር ፊት ቆሞ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። በየመደብሩ የተቀጠሩ ሠራተኞችም በዚሁ ምክንያት ይዘገያሉ፤ ወይም ቀድመው ይወጣሉ። እናትም አባትም ያልተመቻቸው እንደሆነ የምትከፍለው ታላቅ እኅት ናት፤ ታናሿን ለማድረስ የራሷ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል። ይህ ሁሉ ኪሳራ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ባይገኝም ከነጋዴው መዝገብ ሳይጻፍ ተቀንሷል።

ከከተማው ወጥተን ወደ ወገራ፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ደጋ ስንወጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በዚያ ስለ ሰርቪስ መናገር ቀልድ ይመስላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን አንጥቶ ያድራል፤ ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ደግሞ ክረምቱ ገና አልወጣምና ፈፋው ሞልቶ ይጠብቃል። አንድ ጎርፍ ወላጁን ለአንድ ሳምንት ልጁን ከቤት እንዲያስቀር ያደርገዋል፤ አንድ ሳምንት የቀረ ሕፃን ደግሞ ወደ በግ ጥበቃው ይመለሳል። እንዲህ ባለው አገር የመንገድ በጀት ማለት መኪና ሳይሆን ሁለት ግንድ ተጋድሞ የተሠራ የእግር ድልድይ፣ ወይም ለታችኞቹ ክፍሎች በመንደሩ አጠገብ የተከፈተ የሳተላይት ትምህርት ቤት ነው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን እንዳዘጋና የመንገድን ሥጋት እንዳበዛ የማያውቅ የለም። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻም በከተማው በሕፃን ላይ የተፈጸመ የእገታና የግድያ ወንጀል ሕዝቡን በሐዘንና በቍጣ አደባባይ አውጥቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ልጁን ብቻውን ለመስደድ የሚደፍር ወላጅ ጥቂት ነው። እንግዲህ የመንገዱ ጉዳይ የምቾት ጥያቄ ነው ሊባል አይቻልም፤ ልጁ ይማራል ወይስ ከቤት ይቀራል የሚለውን የሚወስነው እርሱ ሆኗል።

ለትምህርት ገንዘብ ማዋጣት ለዚህ አገር ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ በእርሻ መሬት ላይ የትምህርት ግብር ጥሎ፣ ገንዘቡን የሚያስተዳድሩ የትምህርት ቦርዶች በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲቋቋሙ አድርጎ ነበር። በዚያ ዘመን በጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ሲባል መዲናዋ ጐንደር ነበረች። ገበሬው ግብሩን ከፈለ፤ ትምህርት ቤቱ ግን በብዛት የተሠራው በከተማ ነበር። ከፍሎ ያላየ ሰው ቅር መሰኘቱ አይቀርምና፣ ከዚያ ዘመን የሚቀረው ትምህርት ይህ ነው፤ ገንዘቡ የት እንደ ገባ በገዛ መንደሩ ለሚያይ ሰው መክፈል አይከብደውም።

ከባሕር ማዶ ያለውም ታሪክ አስተማሪ ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ለማመላለስ የሕዝብ ገንዘብ እንዲወጣ በሕግ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። በዚያን ጊዜ አውቶሞቢል አልነበረም፤ ልጆቹ የሚጓዙት በፈረስ ጋሪ ነበር። ዛሬ በዓለም የታወቀው ቢጫ አውቶቡስ ቀለሙና ልኩ የተወሰነው ከ70 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርክ በተደረገ ጉባኤ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ቀደመ፤ መኪናው ተከተለ። በጃፓን አገር ደግሞ በብዙ ስፍራ የአንደኛ ደረጃ ልጆች በየሰፈራቸው ተሰልፈው፣ ታላላቆቹ ፊትና ኋላ ሆነው እየመሩ በእግር ይሄዳሉ፤ ይህም የሚጠይቀው ሥርዐት እንጂ ነዳጅ አይደለም። በእኛም አገር ቢሆን ቀድሞ ከትምህርት ቤት ሥራ ውጭ ይቈጠር የነበረው የተማሪዎች ምገባ በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በአዲስ አበባ ከአስተዳደሩ በጀት ገብቷል። የራበው ልጅ አይማርም ብሎ ምሳውን ከመዝገብ ያገባ ቦርድ፣ ያልደረሰ ልጅም እንደማይማር ለማመን አይቸገርም።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ቦርዶች ለሚመጣው በጀት ሲቀመጡ ከአውቶቡስ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያደርጉ መልካም ነው። መጀመሪያ፣ ልጅ ሲመዘገብ ቤቱ የት እንደሆነና በሕፃን እግር ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ ይጻፍ፤ በመንገዱ ላይ ያለው ወንዝ፣ ገደልና ዋና የመኪና መንገድም አብሮ ይጠቀስ። ይህ ከእርሳስና ከወረቀት በቀር ወጪ የለውም። ሁለተኛ፣ በተገኘው ቍጥር መሠረት ልጆቹ በሦስት ይመደቡ። ቅርብ ላሉት ከየሰፈሩ ታማኝ ሰው ተመርጦ መጠነኛ አበል እየተከፈለው በሰልፍ ያምጣቸው፤ በመካከለኛ ርቀት ላሉት ቦርዱ ራሱ ከባጃጅና ከሚኒባስ ማኅበራት ጋር ተዋውሎ፣ የልጆቹን ቍጥር በውሉ ወስኖ ያመላልሳቸው፤ እጅግ ለራቁት ደግሞ ልጁን ወደ ክፍሉ ከማምጣት ክፍሉን ወደ ልጁ መውሰድ ይታሰብ። ሦስተኛ፣ ለዚህ የሚውለው ገንዘብ በበጀቱ መዝገብ ራሱን የቻለ ዐምድ ይኑረው፤ ገቢውና ወጪውም በየሦስት ወሩ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ የነጋዴውን ደጅ ያንኳኳል። ነጋዴው መዋጮ ሰልችቶታል፤ ለዚህ ለዚያ እየተባለ በየጊዜው ይጠየቃልና ቅሬታው ተገቢ ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ ይባክናል የሚለውም ሥጋት ከልምድ የመጣ ነው። ዳሩ ግን ከላይ እንደተባለው ነጋዴው ይህን ወጪ ዛሬም እየከፈለ ነው፤ በተዘጋ ሱቅ፣ በዘገየ ሠራተኛ፣ ለአንድ ልጅ ብቻ በተኰናተረው የባጃጅ ዋጋ ይከፍላል። ልዩነቱ ለየብቻ ሲከፍል ውድ፣ በኅብረት ሲከፍል ርካሽ መሆኑ ነው። በጅምላ መግዛት ከችርቻሮ እንደሚሻል ለነጋዴ ማስተማር አያስፈልግም። ስለ ብክነቱም ቢሆን፣ በደረሰኝ መሰብሰብን፣ ሒሳብ መመርመርንና ውል መዋዋልን ከንግድ ሰው የተሻለ የሚያውቅ የለምና፣ የንግድ ምክር ቤት አባላት ገንዘባቸውን ብቻ ሳይሆን ይህን ዕውቀታቸውን ለቦርዶቹ ቢያበድሩ ሥጋታቸውን በገዛ እጃቸው ያስወግዳሉ። ለኮንትራት ባጃጆች ጎማና ዘይት በጅምላ ዋጋ እንዲደርስ ማድረግም ከአስመጪዎቹ አቅም በላይ አይደለም።

ድኻው ወላጅ ከዚህ መዋጮ ነፃ መሆን አለበት። መክፈል የማይችል ሰው ልጅ ከሰልፉ ወይም ከባጃጁ የሚቀር ከሆነ፣ ዐምዱ መከፈቱ አሁን ያለውን ልዩነት በማኅተም ከማጽናት በቀር ፋይዳ አይኖረውም።

የዛሬዎቹ የቅድመ አንደኛ ልጆች ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ የየመደብሩ ጸሓፊ፣ ሒሳብ ያዥ፣ ደንበኛና ባለ ንብረት ናቸው። ከመካከላቸው በፈፋ ዳር ተመልሰው የቀሩት ግን ከዚህ ቍጥር አይገቡም። ዕቃው በመንገድ የቀረበት ነጋዴ ኪሳራውን በዚያው ዓመት ያውቃል፤ ልጆቹ በመንገድ የቀሩበት ከተማ ግን ኪሳራውን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። የቦርዱ ጸሓፊ በሚመጣው ስብሰባ መዝገቡን ሲዘረጋ ከጠመኔውና ከወንበሩ ቀጥሎ አንድ መስመር አስምሮ «መንገድ» ብሎ ይጻፍበት። በዚያ መስመር ላይ የሚሞላው ገንዘብ መጀመሪያ ጥቂት ቢሆንም፣ መስመሩ ከተሰመረ ዘንድ መሙላቱ የጊዜ ጉዳይ ነው።