አንድ ቀመር፣ ብዙ ዱቄት

የጥንት ቅሪቶችን ዕድሜ በካርቦን የመለካት ዘዴ በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ1960 የኖቤል ሽልማት የወሰደው አሜሪካዊው ኬሚስት ዊላርድ ሊቢ፣ በ1971 ስለ መኪና ጭስ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ከማርሚታ የሚወጣውን መርዘኛ ጋዝ ለማጣራት የግድ ፕላቲነም አያስፈልግም፤ ላንታነም፣ ኮባልትና ኦክስጅን የተዋሐዱበት ርካሽ ዱቄት ሊተካው ይችላል የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። የቤንዚን መኪና ማጣሪያ ግን ዛሬም በዋናነት የሚሠራው በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም ነው።

አንዱ ሰበብ ሰልፈር ነው። በነዳጅ ውስጥ ያለው ሰልፈር ዱቄቱን እየመረዘ ያደክመዋል። ሌላው ግን ከራሳቸው ከተመራማሪዎቹ ልማድ የመጣ ነው፤ ስለ ዱቄቱ ቀመር የተጨነቁትን ያህል ስለ አሠራሩ አልተጨነቁም።

ዱቄቱ የሚመደብበት የውሁዶች ቤተሰብ ፔሮቭስካይት ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1839 ከኡራል ተራሮች ከተገኘና በሩሲያዊው ሹም በሌቭ ፔሮቭስኪ ስም ከተሰየመ ማዕድን ነው። አንድ ትልቅ የብረት አቶም፣ አንድ ትንሽና ሦስት ኦክስጅን፤ መዋቅሩ ይኸው ነው። ብረቶቹን በሌላ መቀየር ቀላል ነው፤ ላንታነሙን በከፊል በስትሮንሽየም፣ ኮባልቱን በማንጋኒዝ ወይም በአይረን መተካት ይቻላል። ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። አዲስ ቀመር አዲስ የጥናት ወረቀት ያስገኛል፤ የድሮውን ቀመር በተሻለ መንገድ ማዘጋጀት ግን ያን ያህል አያስጨበጭብም።

ጋዝ የሚለወጠው በካታሊስቱ፣ ማለትም በአጣሪው ዱቄት፣ ገጽ ላይ እንጂ በሆዱ ውስጥ አይደለም። በጥንታዊው የሴራሚክ ዘዴ ኦክሳይዶቹ በሙቀጫ ይወቀጣሉ፣ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እቶን ለሰዓታት ይጋገራሉ፣ ወጥተው እንደገና ይወቀጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። አቶሞቹ ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው በጠጣር ውስጥ መጓዝ ስላለባቸው ሙቀቱ ግድ ነው። ያው ሙቀት ግን ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ከአንድ ግራም ዱቄት የሚገኘው ገጽ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ካሬ ሜትር አያልፍም። በሲትሪክ አሲድ መንገድ የተሠራው ግን ከ10 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የኤክስሬይ መሣሪያ ሁለቱንም አንድ ውሁድ ናቸው ይላል፤ ጋዝ ላይ ሲፈተኑ ግን ዝምድናቸው ያጠራጥራል።

የሲትሪክ አሲዱ መንገድ የተወለደው ከካታሊስት ሠፈር አይደለም። ማጂዮ ፔቺኒ በ1967 ፓተንት ያስመዘገበበት ለኤሌክትሮኒክስ ካፓሲተር መሥሪያ ነበር። ሎሚን የሚያኮመጥጠው አሲድ ብረቶቹን ይይዛል፤ የራዲያተር ውኃ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው ኤትሊን ግላይኮል ደግሞ ሁሉንም አስተሳስሮ ሙጫ ያደርገዋል። ብረቶቹ ሙጫው ውስጥ ከመነሻው በቅጡ ስለተደባለቁ ሩቅ መጓዝ አይጠበቅባቸውም፤ ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ይበቃቸዋል።

ከዚህም የረከሰ መንገድ አለ። በ1988 ባንጋሎር በሚገኘው የህንድ ሳይንስ ኢንስቲትዩት ኪንግስሊና ፓቲል የአሉሚኒየም ናይትሬትንና ዩሪያን፣ ያንኑ ገበሬ የሚያውቀውን ማዳበሪያ፣ ቀላቅለው 500 ዲግሪ በሞቀ እቶን ውስጥ አስገቡ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አሉሚና ሆኖ ወጣ። ዘዴው ብዙ ሳይቆይ ወደ ፔሮቭስካይትም ተሻገረ። የላንታነምና የኮባልት ናይትሬት እንደ ነዳጅ ከሚያገለግለው ከግላይሲን ጋር በውኃ ሟሙቶ ማሞቂያ ላይ ሲጣድ፣ ውኃው እየተነነ እንደ ማር ይወፍራል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ድንገት ተቀጣጥሎ በሴኮንዶች ውስጥ ሳሕኑን የሞላ ጥቁር ስስ ዱቄት ይተዋል። (አብሮ የሚወጣው ቡናማ ጭስ ሳንባ ይጎዳል፤ ጭስ መሳቢያ በሌለበት ክፍል የሚሞከር ነገር አይደለም።) ውድ መሣሪያ ለማይገዛ ላቦራቶሪ፣ የእኛዎቹን ዩኒቨርሲቲዎች ጨምሮ፣ ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

እርግጥ ነው፣ እሳቱ ሁልጊዜ አይታዘዝም። የነዳጁ መጠን ትንሽ ከተዛባ ዱቄቱም ይለወጣል። በአንጻሩ የጃፓኑ የመኪና ፋብሪካ ዳይሃትሱ በ2002 ይፋ ያደረገውና ፓላዲየም በክሪስታሉ ውስጥ እየገባና እየወጣ ራሱን የሚያድስበት ካታሊስት የተሠራው በአልኮክሳይድ፣ ማለትም ጥንቃቄ በሚጠይቅ መንገድ ነው። መኪና ላይም ተገጥሟል። ፋብሪካ አሠራርን እንደ ዋና ጉዳይ ሲይዝ ውጤቱ ይህን ይመስላል።

በጥናት ወረቀቶች ላይ ግን አሠራሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መስመር ይታለፋል። ላንታነም ኦክሳይድ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጣል። ሳይቆላ ከተመዘነ ላንታነሙ ከታሰበው ያንሳል፣ ኮባልቱ ይተርፋል፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቀመርም ሐሰት ይሆናል። አማካሪ መምህራንና የመጽሔት አዘጋጆች ሌላ አዲስ ቀመር ከመቀበላቸው በፊት ኦክሳይዱ ተቆልቶ እንደሆነ፣ ነዳጁ ስንት ግራም እንደነበረ፣ የአንዱ ግራም ገጽ ስንት ካሬ ሜትር እንደወጣ፣ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ጋር መመሳሰል አለመመሳሰሉን በቁጥር ሊጠይቁ ይገባል።