ምን መጽሐፍ ይዘሃል?

ሁለት ተማሪዎች በመንገድ ሲገናኙ በመጀመሪያ ስለ ጤንነትና ስለ ቤተ ሰብ ይጠያየቃሉ፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ጨዋታ፥ ስለ ምግብ፥ ስለ ልብስ ይነጋገራሉ። ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ግን አንዱ የሌላውን ክንድ ይዞ፥ «አሁን ምን መጽሐፍ ይዘሃል? ከየትስ ደረስህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን በቅን ልብ የተጠየቀና በእውነት የተመለሰ እንደ ሆነ፥ ብዙ ቀን ለብቻ ተቀምጦ ከማጥናት የሚበልጥ ጥቅም አለው።

ንባብ የብቻ ሥራ ነው፥ ያነበቡትንም ለሰው ማውራት ከንቱ ውዳሴን መፈለግ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገራቸው በሙሉ ሐሰት አይደለም። ባለጠጋ ከብቱን እንደሚቈጥር ያነበባቸውን መጻሕፍት የሚቈጥር ሰው አለና፤ እንደዚህ ያለው ሰው ስለ መጽሐፉ ሲጠየቅ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው። የመጽሐፉን ስም ይጠራል፥ ውፍረቱን በጣቱ ያሳያል፥ በስንት ቀን እንደ ፈጸመውም ይናገራል፤ በውስጡ ያለውን ግን አይናገርም። ነገር ግን የዚህ በሽታ መድኃኒቱ ዝም ማለት አይደለም። ዝም ያለ ሰው ያነበበውን ቶሎ ይረሳል፤ ከባልንጀራው ሊያገኘው ይችል የነበረውንም ያጣል። መድኃኒቱ ስለ ያዙት መጽሐፍ እውነቱን መናገር ነው፤ ከየት እንደ ደረሱ፥ ምን እንደ ገባቸው፥ ምን እንዳልገባቸውም ሳይሸሽጉ።

አንድ ተማሪ አለ እንበል። ባልንጀራው ደስ የሚያሰኝ የታሪክ መጽሐፍ አግኝቶ አንብቦ ፈጸመና፥ ሊያውሰው አስቦ፥ «ይህን መጽሐፍ አንብበኸዋልን?» ብሎ ጠየቀው። ተማሪውም አላነበብሁም ማለትን አፍሮ፥ «አዎን፥ ዱሮ አንብቤዋለሁ» ብሎ መለሰ። ባልንጀራው ቃሉን አምኖ መጽሐፉን ለሌላ ልጅ ሰጠ። መጽሐፉም ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ የክፍሉን ልጆች ሁሉ አዳረሰ፤ ወደዚያ ተማሪ ግን አልደረሰም፥ አንብቤዋለሁ ብሏልና። ሌሎቹ ማታ ማታ ስለ መጽሐፉ ሲጫወቱ፥ እርሱ ፊታቸውን እያየ እነርሱ በሳቁበት ቦታ ይስቃል። ከዚህ በኋላ መጽሐፉን አውሱኝ ቢል ሐሰቱ ይገለጥበታል፤ ባይል መጽሐፉ ይቀርበታል። በዚህ ነገር የተሰረቀ ሰው ቢፈለግ ከራሱ በቀር ሌላ አይገኝም።

ሌላው ተማሪ ደግሞ ስለ ያዘው መጽሐፍ ሲጠየቅ፥ «ከአምስተኛው ገጽ ላይ ቆሜአለሁ፤ በዚያ ያለ አንድ ነገር አልገባኝም» ይላል። ጠያቂው ያን ገጽ አስቀድሞ ያነበበ ነበረና ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «ለእኔም አልገባኝም ነበር፤ ዝም ብዬ አለፍሁት» ብሎ ያምናል። ያን ጊዜ ሁለቱ አብረው ወደ መምህራቸው ይሄዳሉ። ፊተኛው ልጅ ባይናገር ኖሮ ሁለቱም ሳያውቁት በቀሩ ነበር፤ ሁለተኛው እንዲያውም ያወቀው መስሎት በኖረ ነበር።

አለማወቁን ለመናገር የሚያፍር ልጅ ቢኖር፥ በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ነገር ያስብ። ይህ ሰው ተራ ሰው አልነበረም፤ የንግሥት ህንደኬ ሹም፥ በገንዘቧም ሁሉ ላይ አዛዥ ነበረ። ከኢየሩሳሌም ወደ አገሩ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ድምፁን እያሰማ ያነብ ነበር። ፊልጶስም በመንገድ ሲቀርበው የሚነበበው ምን እንደ ሆነ ሰማና፥ የሚያነበው ነገር ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው። ያ ታላቅ ሹም በእግረኛ ሰው መጠየቁን እንደ ንቀት አልቈጠረውም። የሚመራው ሰው ከሌለ ሊያስተውል እንደማይችል ተናገረ፥ ፊልጶስንም ከአጠገቡ አስቀመጠው። ሹም ነኝ ብሎ የሚያውቅ ሰው መስሎ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ፥ ሠረገላው አልፎ በሄደ ነበር።

መጽሐፍን በጉባኤ ማንበብ ለኢትዮጵያ ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ሁሉ በእጅ የሚጻፍ፥ ገጹም ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ተፍቆ የሚዘጋጅ ስለ ነበረ፥ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ መጽሐፍ ሊዳረስ አይችልም ነበር። ስለዚህ በትርጓሜ ቤት አንዱ ተማሪ ያነባል፥ የኔታ ትርጓሜውን ይናገራሉ፥ ሌሎቹ ይሰማሉ። ጉባኤው ከተፈታ በኋላም ተማሪዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሰሙትን እርስ በርሳቸው ይደጋግሙታል፤ አንዱ የዘለለውን ሌላው ያስታውሰዋል፥ አንዱ የተሳሳተውን ሌላው ያቀናዋል። በዚህ ዓይነት የመጽሐፍ ማነስ ወንድማማችነትን አመጣላቸው። ዛሬ የማተሚያ መኪና መጽሐፍን አብዝቶታል፤ ይህም ታላቅ ጸጋ ነው፥ የብራናውን ዘመን ድካም ተመኝቶ ማልቀስም አይገባም። ነገር ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን መጽሐፍ ይዞ ወደየጥጉ በሄደ ጊዜ፥ ከዛፉ ጥላ ሥር የነበረው ጨዋታ እንዳይቀር ያሠጋል።

መጻሕፍት በማተሚያ በሚታተሙበት አገርም ቢሆን ይህን ጨዋታ ፈልገው በፈቃዳቸው ያቆሙት ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ ስሙ የታወቀው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1706 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና የሚሠራ ነበረ፤ ልጆቹም ብዙዎች ስለ ነበሩ ቤንጃሚን በትምህርት ቤት የቈየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ12 ዓመቱ የማተም ሥራ እንዲማር ለታላቅ ወንድሙ ተሰጠ። መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ነገር ግን በመጽሐፍ ሻጮች ቤት ሥራ ከሚማሩ ልጆች ጋራ ተዋወቀና መጽሐፍ ይዋስ ጀመር። ማታ የተዋሰውን ጧት በማለዳ መመለስ ነበረበት፥ ባለቤቱ እንዳይፈልገው። ስለዚህ ሌሊቱን የሚበዛውን ጊዜ ተቀምጦ ያነብ ነበር፤ መጽሐፉንም ሳያቈሽሽ ይመልስ ነበር። ንጹሕ አድርጎ ባይመልስ ሁለተኛ የሚያውሰው ባላገኘም ነበር።

በኋላም ወደ ፊላደልፊያ ከተማ ሄዶ አታሚ ሆነ። በ1727 ዓ.ም. የ21 ዓመት ጐልማሳ ሳለ ባልንጀሮቹን ሰብስቦ ጁንቶ የሚባል ማኅበር አቆመ። ማኅበርተኞቹ ታላላቅ መኳንንት አልነበሩም። ከእነርሱ አንዱ መስታወት ገጣሚ፥ አንዱ ጫማ መስፋት የተማረ፥ አንዱ አናጢ፥ አንዱ መሬት ለኪ፥ አንዱ የውል ጽሕፈት ገልባጭ ነበረ። ቀን በሥራቸው ውለው ዓርብ ዓርብ ማታ ይሰበሰቡ ነበር። ለስብሰባቸውም 24 ጥያቄዎች ተጽፈው ነበር፤ ከእነዚህም የመጀመሪያው፥ እያንዳንዱ ሰው በቅርብ ጊዜ ካነበበው መጽሐፍ ለማኅበሩ ሊነገር የሚገባ ነገር አግኝቶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነበር። ስለ ሌላ ነገር ሁሉ ሳይነጋገሩ አስቀድመው የሚጠያየቁት ስለ ንባባቸው ነበረ ማለት ነው። ጫማ ሰፊው ያነበበውን ለመሬት ለኪው ይነግረዋል፤ መሬት ለኪውም ያነበበውን ለአናጢው ይነግረዋል። ዓርብ ማታ እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ ሲያነብ ልቡ አይባዝንም።

በዚህ ማኅበር ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው። የባልንጀራውን ቃል ፊት ለፊት ሐሰት ነው ብሎ የሚነቅፍ፥ ወይም የራሱን አሳብ ያለ ጥርጥር እውነት ነው ብሎ የሚያጸና ሰው ጥቂት ገንዘብ መቀጫ እንዲከፍል ወሰኑ። በመጻሕፍት ነገር የሚነሣ ክርክር ከጠጅ ቤት ጠብ የማያንስ ጊዜ አለና፥ ይህን መቀጫ ማሰባቸው ብልኅነት ነው። ያም መስታወት ገጣሚ ስሙ ቶማስ ጎድፍሬ ነበረ። ማንም ሳያስተምረው የሒሳብን ጥበብ በራሱ የተማረ ታላቅ አዋቂ ነው። ነገር ግን ሰው በሚናገረው ቃል ሁሉ ላይ፥ በጥቃቅኑም ሳይቀር፥ ስሕተት እየፈለገ ጨዋታውን ያቋርጥ ነበር ይባላል፤ ሳይቈይም ከማኅበሩ ወጣ። እውቀቱ ለማኅበሩ በጠቀመ ነበር፤ ያልመጣለት ግን የመስማት ትዕግሥት ነው። ባልንጀራው ስለ መጽሐፍ ሲነግረው የቃል አወጣጡን ብቻ የሚያርም ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም።

ማኅበርተኞቹ ስለ መጻሕፍት ሲነጋገሩ፥ ነገሩን ከመጽሐፉ አውጥቶ ማየት የሚያስፈልግበት ጊዜ በዛ። ስለዚህ ፍራንክሊን እያንዳንዱ ሰው ያሉትን መጻሕፍት ወደሚሰበሰቡበት ቤት እንዲያመጣ መከራቸው፤ ሁሉም በአንድነት ከተቀመጡ አንዱ የሁሉንም መጻሕፍት እንደ ራሱ ገንዘብ ያነባል ብሎ ነው። እነርሱም አመጡ፤ መጻሕፍቱም ከክፍሉ ወደ አንዱ ጫፍ ተደረደሩ፤ እንደታሰበው ብዙ ግን አልሆኑም። ደግሞ የሚጠብቃቸውና የሚጠነቀቅላቸው ሰው ስላልነበረ፥ ባለቤቶቹን የማያስደስት ነገር ሆነ። አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ እያንዳንዱ መጽሐፉን እየያዘ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ማውረስን ሳይሆን ማዋስን ነበር የፈለጉት፤ ቢሆንም ሥራው ፈረሰ። ብዙ ሰው ከዚህ ደርሶ፥ «ሞክረን አልሆነም» ብሎ በተቀመጠ ነበር። ነገር ግን ዓርብ ማታ መሰብሰባቸውንና ያነበቡትን መነጋገራቸውን አልተዉም ነበርና፥ የመጽሐፉ ፍቅር ከመደርደሪያው ጋራ አልፈረሰም። በዚያ ዘመን ከቦስተን ወደ ደቡብ ባለው አገር ደኅና የመጽሐፍ ሱቅ አልነበረም፤ ማንበብ የሚወድ ሰው መጽሐፉን ከእንግሊዝ አገር ማስመጣት ነበረበት፤ ይህም ለአንድ ሠራተኛ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ በ1731 ዓ.ም. ፍራንክሊን ሌላ ምክር አመጣ። ማኅበርተኞቹም ረዱትና 50 ሰዎች ተገኙ። የሚበዙት ወጣት ነጋዴዎችና የእጅ ሠራተኞች ነበሩ። እያንዳንዱ በመጀመሪያ 40 ሺሊንግ፥ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 10 ሺሊንግ ሊከፍል ተስማማ። በዚህም ገንዘብ መጻሕፍት ከለንደን ታዘዙ። ይህ ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ድረስ በፊላደልፊያ አለ።

ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፥ ከሌላ አገር የሚመጡ እንግዶች የዚያን አገር ሠራተኞች ባነጋገሩ ጊዜ፥ በሌላ ስፍራ ካሉት አቻዎቻቸው ይልቅ የተማሩና አስተዋዮች ሆነው እንዳገኟቸው ፍራንክሊን ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ይናገራል። የራሱን ሥራ ሲናገር ጥቂት መኵራራቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ዛሬም ቢሆን ከጫማ ሰፊ ጋራ ስለ ታሪክ መጽሐፍ መጨዋወት የሚችል መንገደኛ ያን ከተማ ሳያደንቅ አያልፍም።

ፊተኛው መደርደሪያ በመጠንቀቅ ጕድለት እንደ ፈረሰም አልረሱም። አዲሱ ቤተ መጻሕፍት በሳምንት አንድ ቀን ይከፈት ነበር፤ መጽሐፍ የሚዋስ ማኅበርተኛም መጽሐፉን በሚገባ ያልመለሰ እንደ ሆነ የዋጋውን እጥፍ እንዲከፍል በፊርማው ቃል ከገባ በኋላ፥ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።