መንታ ዲስክ ባክአፕ አይደለም

ለኩባንያ ኢሜይል ሰርቨር ማከማቻ ሲመረጥ ሁለት ጥያቄዎች ለየብቻቸው መልስ ይፈልጋሉ። አንዱ ደብዳቤው ዛሬ የት ይቀመጣል የሚል ነው፤ ሌላው ነገ ቢጠፋ ከየት ይመለሳል የሚል። በአዲስ አበባም ሆነ በጅቡቲ ሰርቨር የሚሸጡም የሚገዙም ሰዎች ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጓቸዋል፤ ሬይድ በሚባለው የዲስኮች ጥምረት ተማምነው «ሬይድ አለው፣ ባክአፕ አያሳስብም» ይላሉ። አባባሉ ከሻጩ ፕሮፎርማ ወደ ግዥ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይሻገራል፤ ፊርማና ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቀውም። ፈጽሞ ስሕተት ነው። ስሕተትነቱ የሚታወቀው ደብዳቤው ከጠፋ በኋላ በመሆኑም ከተራ ስሕተት ይከፋል።

ጉዳቱ የት እንደሚያርፍ ለማየት የጅቡቲን ባቡር ጣቢያ አካባቢ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ናጋድ ላይ የተመረቀው ጣቢያ በሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁትን አዲስ አበባንና ጅቡቲን ያገናኛል፤ ሐዲዱ እስከ ዶራሌ ወደብ ይዘልቃል። ከኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ሲያልፍ ኖሯል። ኮንቴይነሩ ፉርጎ ላይ ከመጫኑ በፊት ግን ወረቀቱ መቅደም አለበት፤ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ የዕቃ ዝርዝሩ፣ የመርከብ ድርጅቱ የመድረሻ ማስታወቂያ፣ ዴሊቨሪ ኦርደሩ። ብዙው ስካን ተደርጎ በኢሜይል ይመላለሳል። ትራንዚተሩ ያን መልእክት ሲያጣ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ይቆማል፤ የመጋዘን ኪራዩና ዲመሬጁ (የኮንቴይነር መዘግየት ክፍያው) በየቀኑ ይቆጥራል፤ ሒሳቡ ዞሮ ዞሮ ዘይትና መድኃኒት በሚገዛው ሰው ላይ ይወድቃል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ከሰጠ ወዲህ ደግሞ የጠፋ ኢሜይል የጠፋ ማስረጃ ነው።

ሬይድ የታሰበው ለሌላ ችግር ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ርካሽ ዲስኮችን አስተባብሮ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ማሠራት እንደሚቻል፣ አንዱ ቢበላሽም ሥራው እንደማይቆም አሳዩ። ሬይድ 1 በሚባለው ቀላል አሠራር ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር ይይዛሉ። አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀጥላል፤ ሠራተኛው ኢሜይሉን እያነበበ የአይቲ ባለሙያው የሞተውን አውጥቶ አዲሱን ይሰካል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ያለ እሱ የኢሜይል ሰርቨር መግዛትም አይገባም። ጥቅሙ ግን እዚያው ላይ ያበቃል።

ደብዳቤ የሚጠፋው ዲስክ ሲሞት ብቻ አይደለም። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ አንድ ሠራተኛ የመልእክት ሣጥኑ ሞልቶበት ያረጀ የመሰለውን ፎልደር ያጠፋል እንበል፤ ፎልደሩ የዓመቱ ዴሊቨሪ ኦርደር ያለበት ነው። የማጥፋቱ ትእዛዝ ለሁለቱም ዲስኮች እኩል ይደርሳል፤ ሁለቱም ይታዘዛሉ። ዲስኮቹ ስድስት ቢሆኑ ስድስቱም ይታዘዛሉ። ተጣልቶ የሚለቅ ሠራተኛ ሆን ብሎ ቢያጠፋ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባ፣ የሰርቨሩ ሶፍትዌር ራሱ ተሳስቶ ቢጽፍ፣ በሁሉም ሬይድ ጥፋቱን ሳያዛንፍ ይገለብጣል። ከሰበታ እስከ አዳማ ባቡሩ ጥንድ ሐዲድ አለው፤ አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይታለፋል። ለማይገባው ሰው የተላከን ዕቃ ግን ጥንድ ሐዲድ አይመልስም።

ይህን ጉግል ራሱ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 መጨረሻ በማከማቻ ሶፍትዌሩ ላይ የተደረገ ማሻሻያ ስሕተት ነበረበትና ከጂሜይል ተጠቃሚዎች 0.02 በመቶ ያህሉ ሣጥናቸው ባዶ ሆኖ አገኙት። ጉግል የእያንዳንዱን ሰው ደብዳቤ በተለያዩ የመረጃ ማዕከላት በብዙ ቅጂ ይይዝ ነበር፤ ስሕተቱ ግን ቅጂዎቹንም ነካ። ደብዳቤው የተመለሰው ከኔትወርኩ ተነቅሎ ከተቀመጠ ማግኔቲክ ቴፕ ነው። የዓለም ትልቁ የኢሜይል አቅራቢ ቴፕ ካስፈለገው፣ አንድ ሰርቨርና አራት ዲስክ ያለው የትራንዚት ድርጅት በሬይድ ብቻ ልቡን የሚያሳርፍበት ምክንያት የለም።

የዕለት ማከማቻውን ምርጫ ራሱን ቢሆን «ሬይድ አለው» የሚለው መልስ አይመልሰውም፤ የትኛው ሬይድ እንደሆነ አልተነገረምና። የኢሜይል ሥራ ብዙ ትንንሽ ንባብና ጽሑፍ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 80 ያህል እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል። መረጃውንና ማካካሻ ስሌቱን በዲስኮቹ ላይ የሚበትነው ሬይድ 5 ለአንዲት ትንሽ ጽሑፍ አራት ጊዜ ዲስክ ይነካል፤ መንታ ጥንዶችን የሚያስተባብረው ሬይድ 10 ሁለት ጊዜ። ስለዚህ አራት ዲስኮች በሬይድ 5 በሰከንድ 80 ጽሑፍ፣ በሬይድ 10 ግን 160 ይችላሉ፤ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ኢሜይሉን በአንድ ጊዜ ሲከፍት ልዩነቱ ይታያል። ኤስኤስዲ ሁለቱንም እጅግ ይበልጣል፤ በጀት ከፈቀደ ሁለት ኤስኤስዲ በሬይድ 1 ለመካከለኛ ድርጅት ይበቃል። በሬይድ 5 ላይ የባሰው ነገር የጥገናው ሰዓት ነው። ባለ 4 ቴራባይት አራት ዲስኮች ተጣምረው አንዱ ቢሞት የቀሩት ሦስቱ ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለባቸው፤ 12 ቴራባይት ማለት ነው። የርካሽ ዲስኮች አምራቾች የሚሰጡት ዋስትና ደግሞ በ12.5 ቴራባይት ንባብ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊያጋጥም ይችላል የሚል ነው። ሻጩ ዋጋ ለመቀነስ የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ጥምረት ነው።

ቅጂው የሚቀመጥበት ቦታ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የጅቡቲ ከተማ በሞቃቱ ወራት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አየሩ ጨው ያዘለ የባሕር አየር ነው። ኤርኮንዲሽነሩ በቆመበት ሌሊት የሰርቨሩ ክፍል ይግላል፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉ ዲስኮችም አብረው ይግላሉ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የጣለው ከባድ ዝናብ ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር፤ ምድር ቤት የተቀመጠ ሰርቨር ከነመንታ ዲስኩ ውኃ ውስጥ ይገባል። ሀብታም አገርም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። በሴፕቴምበር 2025 በደቡብ ኮሪያ ዴጆን በደረሰው ቃጠሎ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት ማከማቻ ሌላ ቦታ ቅጂ ስላልነበረው ጠፋ።

ለጅቡቲ ቢሮ ተገቢው ሁለተኛ ቦታ በሐዲዱ ላይ አለ። ድሬዳዋ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የባሕር አየር አይደርስባትም፤ አዲስ አበባ ደግሞ ለቴፕም ለዲስክም የሚመች ለዘብ ያለ አየር አላት። በሁለቱም ቢሮ ያላቸው አስተላላፊ ድርጅቶች አሉ። ስሌቱም ቀላል ነው። 60 ሠራተኞች ለየራሳቸው 10 ጊጋባይት ቢይዙ ጠቅላላው 600 ጊጋባይት ይሆናል። በ10 ሜጋቢት መስመር ይህን ሁሉ ማስተላለፍ አምስት ቀን ተኩል ይፈጃል፤ በየቀኑ የሚጨመረውን 2 ጊጋባይት ብቻ ለመላክ ግን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እንግዲህ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በምስጢር ቁልፍ በተቆለፈ ዲስክ ላይ ሆኖ በሰው እጅ ይሂድ፤ የዕለት ዕለቱ በመስመር ይከተለው። በዚያው ስሌት ከአደጋ በኋላ ሁሉንም በመስመር መመለስ ሌላ አምስት ቀን ተኩል ነውና ለፈጣን ምላሽ አንድ ቅጂ ከሰርቨሩ በተለየ መሣሪያ ላይ ጅቡቲም መኖር አለበት።

«ክላውድ ላይ ነን» የሚለው አዲሱ መልስም ያው ነው። ከሰርቨሩ ጋር ሁልጊዜ የሚመሳሰል የክላውድ ቅጂ ማጥፋቱንም ይከተላል። ያለፉት ወራት ቅጂዎች ተለይተው የሚቀመጡና በሠራተኛው የይለፍ ቃል የማይጠፉ ከሆነ ብቻ ባክአፕ ይባላል። የመስመሩም ጉዳይ አለ፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ሥር የሚያልፉ ገመዶች ሲቆረጡ አውሮፓና እስያን የሚያገናኘው መስመር ተስተጓጉሏል።

ከቅጂዎቹ ቢያንስ አንዱ ከማንኛውም መስመር የተነቀለ መሆን አለበት፤ ሰርጎ ገብም ሆነ ቫይረስ የማይደርስበት የተነቀለው ብቻ ነውና። ኤልቲኦ 9 የሚባለው ቴፕ አንዱ ካሴት 18 ቴራባይት ይይዛል፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ለትንሽ ድርጅት ማጫወቻው ውድ ነው፤ በየሳምንቱ የሚቀያየሩ ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ይበቁታል።

የመጨረሻው ሥራ ቅጂውን መልሶ መሞከር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 በጊትላብ የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ባለሙያ በተሳሳተ ሰርቨር ላይ ዳታቤዝ አጠፋ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ለካ ባክአፑ ሳይሠራ ቆይቷል፤ አለመሥራቱን የሚናገረው ኢሜይልም ተቀባዩ ሰርቨር እየመለሰው ለማንም አልደረሰም። የተረፉት ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ በተወሰደ ቅጂ ነው። ስለዚህ በየወሩ አንድ የመልእክት ሣጥን ይመረጣል፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከቅጂው ይመለሳል፤ የሣጥኑ ባለቤት ተጠርቶ አንድ የቆየ ደብዳቤ ከነአባሪው ይከፍታል። አባሪው ካልተከፈተ ባክአፕ የለም።

ግዥ ኮሚቴው በስፔሲፊኬሽኑ «ሬይድ» ከሚለው መስመር በታች ሌሎች መስመሮችን መጻፍ አለበት፤ የስንት ሰዓት ደብዳቤ ቢጠፋ እንደሚታገሥ፣ አገልግሎቱ በስንት ሰዓት እንዲመለስ እንደሚፈልግ፣ ቅጂው በየትኛው ከተማ እንደሚቀመጥ፣ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ፣ ሙከራውን የሚፈርመው ማን እንደሆነ። ርክክቡም የሚፈረመው ሻጩ በኮሚቴው ፊት አንድ ሣጥን አጥፍቶ ከቅጂው ከመለሰ በኋላ ነው።