የበጎ አድራጊዎች አንድነት ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች

ለተቸገረ እጅን መዘርጋት በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ ዓለም፥ በጊንጪ፥ በአምቦ፥ በጉደር፥ በጌዶና በባኮ የሚኖር ሰው የሞተውን በእድር ይቀብራል፤ የዝክሩን እንጀራ ለድኻ ያካፍላል፤ አባትና እናት ለሌለው ልጅ ልብስና ደብተር ይገዛል። የኦሮሞም ሕዝብ ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት ከብቱ ያለቀበትን ወገኑን እያዋጣ ሲያቋቁመው የኖረ ነው። ስለዚህ አሁን ሊታሰብበት የሚገባው የቸርነት ማነስ ሳይሆን የሰጪዎች መለያየት ነው።

ሰጪዎች ተለያይተው ሲሰጡ የሚሆነውን ለመገመት አያስቸግርም። በበዓል ዋዜማ ከመንገድ ዳር የተቀመጠው ነዳይ በአንድ ቀን ከሦስት ማኅበር ይቀበላል፤ ከጓሮ ቤት የተኛችው ባልቴት ግን ወጥታ ለመለመን ስለማትችል ከማንም ሳታገኝ በዓሉ ያልፋል። ለአንዱ ትምህርት ቤት ደብተር ሁለት ጊዜ ይታደልለታል፤ ከዋናው መንገድ የራቀውን ግን የሚያስታውሰው የለም። ሁሉም የሠሩት በቅን ልቡና ነው፤ ዳሩ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ስለ ሠራ፥ ገንዘቡ ወጥቶ ችግሩ በቦታው ይቀራል።

በአንድነት መሥራት የሚያስገኘውን ጥቅም ኢትዮጵያ በመከራዋ ዘመን አይታዋለች። በወሎ ረኃብ በጸናበት ጊዜ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ዓመት፥ ልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናትና የእርዳታ ድርጅቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የክርስቲያን የእርዳታ ኮሚቴ የሚባለውን አቋቋሙ። እነዚህ ወገኖች በሃይማኖት ትምህርት የሚለያዩ ነበሩ፤ ነገር ግን የተራበው ሰው እህል እንጂ ክርክር እንደማይፈልግ ተረዱ። ያ ኮሚቴ እያደገ ሄዶ ዛሬ በመቶ የሚቆጠሩ ማኅበራትን የሚያስተባብር የእርዳታና የልማት ማኅበራት ኅብረት ሆኗል።

በውጭ አገርም ነገሩ እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ገንዘባቸውን ለበጎ ሥራ የመደቡ ድርጅቶች የጋራ ምክር ቤታቸውን የመሠረቱት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1949 ነው። በምሥራቅ አፍሪቃም በ2003 የስጦታ ሰጪዎች ማኅበር ተቋቁሞ መቀመጫውን ናይሮቢ ላይ አድርጓል። ሀብት የተትረፈረፈላቸው ሰጪዎች መመካከርን ካልናቁ፥ ከወር መዋጮ ጥቂት ብር የሚያጠራቅም ማኅበርማ ይልቁን ያስፈልገዋል።

የአንድነቱ ጥቅም በአራት ነገር ይታያል። መጀመሪያ፥ የችግረኞች መዝገብ አንድ ሲሆን ሁለት ጊዜ የሚቀበልና ፈጽሞ የማይቀበል ይለያል። ሁለተኛ፥ ጤፉን፥ ዘይቱንና ደብተሩን በጋራ የሚገዛ ሰው እያንዳንዱ ለብቻው ከሚገዛው በተሻለ ዋጋ ያገኛል። ሦስተኛ፥ ሒሳብ አያያዝን የሚያውቀው ማኅበር ላላወቀው ያስተምራል። አራተኛ፥ ድርቅ ወይም የእሳት አደጋ በድንገት ሲደርስ፥ ማን ምን ያህል እንዳለው አስቀድሞ የታወቀ ስለሚሆን እርዳታው ሳይዘገይ ይደርሳል። በውጭ አገር የሚኖሩ የአገሩ ተወላጆችም ገንዘባቸውን የሚልኩት ሒሳቡ ወደሚታይበት ቦታ መሆኑ የታወቀ ነው።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። አንደኛው፥ ትንሹ ማኅበር በትልቁ ይዋጣል፥ ስሙም ይጠፋል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ከድኻው አፍ የተነጠቀ ገንዘብ ለጽሕፈት ቤትና ለደመወዝ ይውላል የሚል ነው። ሦስተኛው፥ ሹማምንት ገብተው ያዙበታል የሚል ነው። ለመጀመሪያው መልሱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ማኅበር ገንዘቡንና ስሙን እንደ ያዘ ቆይቶ፥ ለአንድነቱ የሚሰጠው ምክሩንና ጥቂት መዋጮ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ግን እውነተኛ ሥጋት ስለሆነ በደንብ መገደብ ይኖርበታል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን የሚመለከተው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 በጎ አድራጊ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያወጣው ከመቶ 20 እጅ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ለትንንሽ ማኅበራት አንድነትማ ይህም ይበዛልና፥ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ፥ ጽሕፈት ቤቱም ከአንዱ አባል በውሰት የተገኘ ክፍል ቢሆን ይሻላል።

ለሦስተኛው ሥጋት መልስ መስጠት የሚገባቸው ሹማምንት ራሳቸው ናቸው። ይኸው አዋጅ ድርጅቶች ኅብረት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል፤ እድርንና እቁብን ግን ባህላዊ ማኅበራት ስለሆኑ ከሥሩ አላስገባቸውም። እንግዲህ እድሮች ለመመካከር ከፈለጉ በራሳቸው ደንብና በራሳቸው ፈቃድ ነው። የከተማው ሹም ቢጠራቸው መጥተው ይሰማሉ፤ ቢያዛቸው ግን ይበተናሉ። የሹም ሥራ የመሰብሰቢያ ቦታ መስጠት፥ መዝገቡን ለመሙላት የቀበሌውን እውቀት ማካፈል፥ ሌባ ሲገኝም በሕግ መጠየቅ ነው። ገንዘቡን መንካት የእርሱ ሥራ አይደለም።

ካህናትም ከማንም ይልቅ የድኻውን ቤት ያውቃሉ። ንስሐ አባት በየቤቱ ሲገባ የታመመውንና የተራበውን ያያል፤ ነገር ግን ያየውን ለእድሩ ዳኛ ካልነገረ እውቀቱ ከእርሱ ጋራ ይቀራል። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ካህን፥ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይና የመስጊድ ኢማም በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ተገናኝተው ስም ቢለዋወጡ ከሃይማኖታቸው የሚጎድል አንዳች የለም። ስማቸው በአደባባይ እንዳይነሣ የሚያፍሩትንም ችግረኞች ምሥጢር መጠበቅ ለእነርሱ የለመዱት ነገር ነው።

የአምቦ ጠበል ከጥንት ጀምሮ ከምድር ሲፈልቅ ኖሯል፤ ነገር ግን ከ1920ዎቹ ዓመታት ወዲህ በጠርሙስ ተሰብስቦ እስኪታሸግ ድረስ በሩቅ አገር ያለው ሰው አልቀመሰውም። የቸርነትም ነገር እንደዚሁ ነው። አምስት ወይም ስድስት ማኅበራት በአንድ ከተማ ተስማምተው፥ አንድ መዝገብ ከፍተው፥ የአንድ ዓመት ሒሳባቸውን በሕዝብ ፊት ቢያነብቡ፥ የቀሩት ሳይለመኑ ይከተላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሸክሙ እስኪከፋፈል ድረስ ግን ከጓሮ ቤት የተኛችው ባልቴት መጠበቅዋ አይቀርም።