15ቱን ወንበሮች ማን ይሙላቸው?

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥታ «ክበባችን ከሌሎቹ ጋር ሊዋሃድ ነው» ብትላችሁ «ይሁን፣ መጀመሪያ የሒሳብ የቤት ሥራሽን ጨርሺ» ብላችሁ ታልፏት ይሆናል። ቡናው እስኪፈላ ብታዳምጧት ግን አትከስሩም።

ሳሪስ ውስጥ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እናስብ። አንዱ ክበብ የተባበሩት መንግሥታትን፣ ሁለተኛው የአፍሪካ ኅብረትን፣ ሦስተኛው ሰላምና ዲፕሎማሲን ይዟል እንበል። እያንዳንዳቸው 8 አባላት አሏቸው። ሦስቱም ዓርብ ከሰዓት አንዲት ባዶ ክፍል ይሻማሉ፣ ሦስቱም ከሚኒ ሚዲያው ጥቂት ደቂቃ ይለምናሉ፣ ሦስቱም አንዱን የታሪክ መምህር ተጠሪ እንዲሆናቸው ይጠይቃሉ።

የእነዚህ ክበቦች ዋና ሥራ የአምሳያ ስብሰባ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አገር ይወክላል፤ የአገሩን አቋም አጥንቶ ይመጣል፣ ይከራከራል፣ ይደራደራል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያረቅቃል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት 15 አባላት አሉት፤ 5ቱ ቋሚና ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ያላቸው፣ 10ሩ ለ2 ዓመት የሚመረጡ። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤትም 15 አባላት አሉት፤ እዚያ ግን ቋሚ ወንበርም ሆነ የመሻር መብት የለም። 8 ተማሪ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ሊሞላ አይችልም። 24ቱ አንድ ላይ ከሆኑ 15ቱ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ይመራል፣ ሁለቱ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፣ የቀሩት ለሚኒ ሚዲያው ዜና ይሠራሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ያስቸግራል? ሊቀ መንበር ማን ይሁን፣ የማን ስም ይቅር፣ የማን ባነር ይሰቀል የሚል ጥያቄ ስለሚነሳ ነው። ይህ የልጅ ነገር ብቻ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት ራሳቸው በካዛብላንካና በሞንሮቪያ ቡድኖች ተከፍለው ነበር። ጋና፣ ጊኒና ግብፅ በአንዱ፣ ናይጄሪያ፣ ላይቤሪያና ኢትዮጵያ በሌላው ነበሩ። ክዋሜ ንክሩማ አህጉሪቱ በፍጥነት በአንድ መንግሥት ሥር እንድትሆን ይሻሉ፤ ሌሎቹ ቀስ እንበል ይላሉ። ንጉሠ ነገሥቱና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩ ሁለቱን ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ለማገናኘት ብዙ ደከሙ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመ። በሁሉም ነገር እስኪስማሙ አልጠበቁም፤ በተስማሙበት ጀመሩ።

ልጆቻችንም እንዲሁ ማድረግ ይችላሉ። የቀድሞዎቹ ክበቦች የአንዱ ክበብ ኮሚቴዎች ሆነው ይቀጥሉ። የአፍሪካ ኅብረት ሊቀ መንበርነት በየዓመቱ እንደሚዞር፣ የክበቡም በየመንፈቀ ዓመቱ ከአንዱ ኮሚቴ ወደ ሌላው ይዙር። ገንዘብ ካላቸው በአንድ መዝገብ፣ በሁለት ፈራሚ ይያዝ። ከሁሉም በላይ ትንሹ ክበብ እንዳይዋጥ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ድምፅ በቁጥር ብቻ ከተሰጠ ዝምተኛዋ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ትቀራለች።

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህን አባባል ያመጣው ብዙ ቤት ያንኳኳ ሐዘን ነውና አልንቀውም። ነገር ግን ልጆቹ በየስልካቸው ላይ ጭቅጭቁን ሲያዩ ነው የሚውሉት። ክበቡ የሚጨምርላቸው ሥርዓቱን ነው፤ ተራ መጠበቅን፣ ሳይሳደቡ መቃወምን፣ በድምፅ ተሸንፎ ወንበር ላይ መቆየትን።

አንድ ቀን ልጃችሁ ስለ ዓባይ በሚደረግ ክርክር የግብፅ ወንበር ደርሷት ትመጣ ይሆናል። አትደንግጡ። የካይሮን ሥጋት በራሷ አንደበት ማስረዳት የቻለች ልጅ፣ ነገ የአዲስ አበባን መልስ ከሌላው አሳምራ ታቀርባለች። ተደራዳሪ የሚሠለጥነው እንዲህ ነው።

ከእናንተ የሚፈለገው ብዙ አይደለም። የወላጅ ስብሰባ ላይ ክበቦቹ ቋሚ ክፍልና ሰዓት እንዲኖራቸው ጠይቁ። መዋጮ ሲሰበሰብ መክፈል የማይችል ልጅ እንዳይቀር፣ ስሙም እንዳይጠራ ተነጋገሩ። ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ በደብዳቤ ጠይቆ ልጆቹ አፍሪካ አዳራሽን እንዲጎበኙ ግፉ፤ ከሳሪስ በቀላል ባቡር ስታዲየም ወርዶ በመስቀል አደባባይ በኩል በእግር የሚደረስበት ነው። ቻርተሩ የተፈረመበትን አዳራሽና የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ያዩ ልጆች፣ የክበባቸውን ስም ለመምረጥ ያን ያህል አይጣሉም።

እስከዚያው ዛሬ ማታ እራት ላይ የትኛውን አገር እንደምትወክል ጠይቋትና፣ እናንተ የተቃራኒውን ወንበር ያዙ።