የሌሊት ዘበኛ፤ ስለ አንዲት ታናሽ ከተማ ሆስፒታል መዘጋት



የሌሊት ዘበኛ ደመወዙ የሚከፈለው በያዛቸው ሌቦች ቍጥር አይደለም። ሌባ ሳይመጣ ያደረባቸው ሌሊቶች ኹሉ ይቈጠሩለታል። ዓመቱን ሙሉ አንድም ሌባ ባይዝ፥ ጌታው «ሥራ ፈት ነህ» ብሎ አያሰናብተውም፤ የተቀጠረው ለመንቃት ነውና። ይህን ቀላል ነገር ለግቢያችን በር የምናውቀውን ያህል ለሆስፒታል አናውቀውም። በእኔ አስተያየት ብዙ የታናናሽ ከተሞች ሆስፒታሎች የሚዘጉት ከዚህ አለማወቅ የተነሣ ነው። ይህንንም ለማስረዳት በአሜሪካ አገር በአንዲት ታናሽ ከተማ የኾነውን አቀርባለኹ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቤልሄቨን በሰሜን ካሮላይና ግዛት በፑንጎ ወንዝ ዳር የተሠራች ከተማ ናት። በ2010 በተደረገው ቈጠራ ነዋሪዎቿ 1,700 ያህል ነበሩ። ሆስፒታሏ ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለ ሲኾን፥ የራሷን ሰዎች ብቻ ሳይኾን የራሱ ሆስፒታል የሌለውን የሃይድን አውራጃ ገበሬና ዓሣ አጥማጅም ይቀበል ነበር። በ2011 አንድ ትልቅ የሕክምና ድርጅት ሆስፒታሉን ተረከበ። ከኹለት ዓመት በኋላም ሕንጻው አርጅቷል፥ ወጪውም ከገቢው በልጧል በማለት እንደሚዘጋው አስታወቀ። በጁላይ 1 ቀን 2014 በሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ለከተማይቱ ሰዎች የሚቀርበው ሆስፒታል 30 ማይል ያህል፥ ማለት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ኾነ። በስተ ምሥራቅ ለሚኖሩት ደግሞ መንገዱ ከዚህ እጅግ ይረዝማል።

አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ከሃይድ አውራጃ አንዲት ሴት የልብ ሕመም በድንገት ያዛት። የአምቡላንስ ሠራተኞች ደርሰውላት ነበር፤ ነገር ግን የሚወስዳት ሄሊኮፕተር ሲጠበቅ ሕይወቷ ዐለፈ። ሆስፒታሉ ክፍት ቢኾን ኖሮ ትድን ነበር ብሎ በርግጥ የሚናገር ሰው የለም። ነገር ግን ያን ጊዜ የሄሊኮፕተር ድምፅ በማዳመጥ ፈንታ በሐኪም እጅ ልትኾን ትችል ነበር። ይህ ልዩነት ለቤተ ዘመድ ምን ያህል ከባድ እንደ ኾነ፥ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ሌሊቱን ሲጓዙ የሚያድሩትን የአገራችንን ገበሬዎች ያየ ኹሉ ያውቀዋል።

የከተማይቱ ከንቲባ አዳም ኦኒል ይህ በኾነ በሳምንቱ ከቤልሄቨን ተነሥቶ ወደ ዋና ከተማው ወደ ዋሽንግተን በእግሩ ጕዞ ዠመረ። መንገዱ 273 ማይል፥ ይኸውም 440 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሐምሌ ሐሩር ኹለት ሳምንት ፈጀበት። የእግር መንገድ ምን እንደ ኾነ የምታውቁ ተሳላሚዎች የዚህን ሰው ድካም ትረዱታላችሁ። ከንቲባው የሪፐብሊካን ፓርቲ አባል ሲኾን፥ በግዛቱ ውስጥ የራሱ ፓርቲ ሰዎች የተቃወሙትን ነገር ደግፎ ቆመ። የጠየቀውም መንግሥት ለድኾች የሚከፍለው ሜዲኬይድ የተባለው የሕክምና ርዳታ በግዛቱ እንዲስፋፋና ሆስፒታሉ እንዲከፈት ነበር። በ2015ም ከሌሎች ሰዎች ጋራ ኾኖ እንደ ገና በእግሩ ወደ ዋሽንግተን ወጣ። ኾኖም ሆስፒታሉ አልተከፈተም።

እንግዲህ ምክንያቱን እንመርምር። በአንድ ታናሽ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ቢመጣም ባይመጣም ሐኪሙ ተጠርቶ የሚገኝ፥ አስታማሚዋም ነቅታ የምታድር መኾን አለባት። መብራቱ ይበራል፤ መድኃኒቱ በጊዜው ይለወጣል፤ መሣሪያው ይታደሳል። ይህ ኹሉ ወጪ ቋሚ ነው። ገቢው ግን በአብዛኛው በመጣው በሽተኛ ቍጥር የሚለካ ነው። በትልቅ ከተማ የሚመጣው ሰው ብዙ ስለ ኾነ ኹለቱ ይመጣጠናሉ፤ በታናሽ ከተማ ግን አይመጣጠኑም። እንግዲህ ሆስፒታሉ የከሰረው ሥራውን ስላልሠራ ሳይኾን ሰው ሳይታመም ያደረባቸው ሌሊቶች ስላልተከፈሉት ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ሸክም አለ። በ1986 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል የመጣ ሰው ገንዘብ ኖረውም አልኖረውም ሊመረመርና አደጋው ሊገታለት ይገባል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለሆስፒታሉ ገንዘቡን ከወዴት እንደሚያገኝ አልነገረውም። በ2010 የወጣው ሌላ ሕግ ሜዲኬይድ ለብዙ ድኾች እንዲዳረስ አሰበ፤ በ2012 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ለየግዛቱ ፈቃድ ተወው። ሰሜን ካሮላይና እስከ ዲሴምበር 2023 ድረስ በሥራ ላይ አላዋለችውም። በነዚያ ዓመታት መድን የሌለው ድኻ ሲታከም ዕዳው የወደቀው በሆስፒታሉ ላይ ነበር። የደረሰውም በቤልሄቨን ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ማኅበር እንዳስታወቀው ከ2010 እስከ 2021 ባለው ጊዜ 136 የገጠር ሆስፒታሎች ተዘግተዋል።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ሰው እንዳለ ዐውቃለኹ፤ ቃሉም የሚናቅ አይደለም። «ዘወትር የማይሠራ እጅ ይደነዝዛል፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ሐኪም ዕለት ዕለት ከሚሠራው ጋራ አይተካከልም። ስለዚህ በሽተኛውን በደካማ ሆስፒታል ከማቈየት ወደ ብርቱው ማድረስ ይሻላል» ይላል። እውነት ነው። ከባዱ ሕመም በትልቁ ሆስፒታል ቢታከም እኔም እወዳለኹ። ነገር ግን ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚደርሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። የሚፈስ ደም የሚቆመው፥ የታፈነ ትንፋሽ የሚከፈተው፥ የልብን ሥር የዘጋው የረጋ ደም በመድኃኒት የሚሟሟው በመዠመሪያው ሰዓት ነው። ይህንም ለማድረግ ብዙ አልጋ ያለው ሕንጻ አያስፈልግም፤ የነቃ ሐኪምና የተከፈተ በር ይበቃል። ስለዚህ ተቃዋሚዬ ያስረዳው አልጋው ስለሚቀነስበት ምክንያት ነው እንጂ በሩ ስለሚዘጋበት ምክንያት አይደለም።

የአሜሪካ ሕግ አውጪዎችም ዘግይተው ወደዚሁ አሳብ ደረሱ። በ2020 መጨረሻ ባወጡት ሕግ ከጃንዋሪ 2023 ዠምሮ አንድ የገጠር ሆስፒታል በሽተኛ የሚተኛባቸውን አልጋዎች ትቶ፥ የድንገተኛ ሕክምናውን ሌሊትና ቀን ክፍት እንዲያደርግ ተፈቀደለት። ስለዚህም ከሌላው ገቢው በላይ በየወሩ ቍርጥ ገንዘብ ይከፈለዋል። እነሆ፥ ዘበኛው ስለ ንቃቱ ደመወዝ ተቈረጠለት! ነገር ግን ዕድሉ የተሰጠው ሕጉ በወጣበት ጊዜ ክፍት ለነበሩት ብቻ ነው። አስቀድሞ ለተዘጋው ለቤልሄቨን ሆስፒታል «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ተፈጸመበት።

ከዚህ የተነሣ የእኔ አሳብ ይህ ነው። አንደኛ፥ ሆስፒታልን የሚዘጋ ሰው አስቀድሞ ሌላ በር ይክፈት። ምትኩ ክሊኒክ፥ አምቡላንሱና ነጂው፥ ሄሊኮፕተሩም የሚያርፍበት ስፍራ ተዘጋጅቶና ተፈትኖ ሳይታይ ቍልፉ አይዙር። የተስፋ ወረቀት በሽተኛን አይሸከምም። ኹለተኛ፥ የንቃቱ ዋጋ ከሕዝብ ግምጃ ቤት በቍርጥ ይከፈል፤ የሚነቃው ለታመመው ብቻ ሳይኾን ነገ ለሚታመመው ለኹላችንም ነውና። ሦስተኛ፥ የሆስፒታሉ ሒሳብ በየዓመቱ ለከተማው ሕዝብ ይነገር። ሕዝቡ ጕድለቱን የሚሰማው የመዘጋቱ ዐዋጅ በወጣ ቀን ከኾነ፥ ምክር የሚመክርበት ጊዜ አያገኝም።

ሕዝቡም ቢኾን ከወቀሳ ነጻ አይደለም። ለቀላል ሕመም ኹሉ የሰፈሩን ሆስፒታል አልፎ ወደ ትልቁ ከተማ ሲመላለስ የኖረ ሰው፥ በተዘጋበት ቀን ቢያለቅስ እንባው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ለመዘጋቱ ጥቂት ድርሻ እንዳለው ይወቅ። አጥር የሚፈርሰው በአንድ ቀን ዝናም ብቻ አይደለም።

ወንድሞቼ ደቀ መዛሙርት ሆይ፤ ከእናንተ ብዙዎቹ ትምህርታችኹን ፈጽማችኹ ወደ ታናናሽ ከተሞችና ወደ ገጠር ትሄዳላችኹ። በዚያ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለ ጤና ቤት ሲመክሩ የእናንተም ቃል ይጠየቃል። ያን ጊዜ «በዓመት ስንት በሽተኛ መጣ?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ሰምታችኹ ዝም አትበሉ። «በሌሊት አንዲት እናት ምጥ ቢጸናባት ወይም አንድ ሰው ደረቱን ይዞ ቢወድቅ፥ የሚያንኳኳው የማንን በር ነው? ማንስ ይከፍትለታል?» ብላችኹ ጠይቁ። መልሱ በቅጡ ያልታወቀ እንደ ኾነ ግን፥ ያ በር እንዳይዘጋ የምትችሉትን ኹሉ አድርጉ።